የሃያ ሦስት ቁጥር ብልቃጥ

የኔአለም በግምጃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያሉትን የዱቄት ቀለም እሽጎች ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። አሁንም ስድስት ናቸው።

«ጎደለ?» አለ ሥዩም። ደፉ ላይ ተቀምጦ በአሮጌ ወረቀት ላይ በቅሎ ይሥላል። ሁልጊዜ የሚሥለው በቅሎ ነው።

«አልጎደለም። ተረፈ።»

«ኧረ ሓፍተይ፣ እህቴ! ሰው በተረፈው ይጨነቃል?»

 ዓይኗ ከመዝገቡ ወደ መደርደሪያው፣ ከመደርደሪያው ወደ መዝገቡ ይመላለሳል።

በትምህርት ቤቱ ሁለት ከፍተኛ ክፍሎች ውስጥ ስልሳ አራት ተማሪዎች አሉ። ትንንሾቹ በእጅ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ፤ ስልሳ አራቱ ግን የሚጽፉት በብዕርና በቀለም ነው። ደብተር የሚገዛው ቤተሰብ ነው፤ ቀለም የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ። እያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር የተጻፈበት ብልቃጥ አለው። አንድ እሽግ ዱቄት በውሃ ሲበጠበጥ ስልሳ አራቱን ብልቃጥ አንድ ጊዜ ይሞላል። በየዓርቡ ባለተራው ተማሪ እየዞረ የጎደለውን ይሞላል፤ የኔአለም ደግሞ ምን ያህል ዱቄት እንደ ወጣ ትመዘግባለች። ትምህርት በጥቅምት ሲጀመር አሥራ ሁለት እሽግ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓርብ አልፏል። ዛሬ መደርደሪያው ባዶ መሆን ነበረበት።

ቀለም መቁጠር የጀመረችው ለግዢው ዕቅድ ነበር። በዚያ ወር፣ በጥር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስምንት፣ የመቀሌ ነጋዴዎች ደብተር ለሌላቸው ተማሪዎች አዋጥተው ነበር፤ አንዱ ጥሬ ገንዘብ፣ አንዱ ገብስ፣ አንዱ አሞሌ ጨው። ጨውና ገብሱ በሰኞ ገበያ ተሸጦ ገንዘቡ ሲደመር አርባ ስምንት ብር ሆነ። መምህር ወልደአማኑኤል ሥራውን ለሦስት ተማሪዎች ከፋፈሉት። ጀላሉ ዋጋ እየጠየቀ ግዢውን ይይዛል፤ ሥዩም በዕደላው ቀን የሚሠሩትን ልጆች ይመድባል፤ የኔአለም ሒሳቡን ትሠራለች። ዕቃው የሚመጣው ከአሥመራ ነው። የጭነት መኪናው ሐሙስ ሲነጋ ይሄዳል፤ ሹፌሩ የዚህን ጉዞ ዕቃ ካደረሰ በኋላ ለሁለት ወር ሌላ ጉዞ እንደሌለው ተናግሯል። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ዕቅዱ ከሞላ ጎደል አልቋል። መምህሩ ከሁለት ሳምንት በፊት በሁለቱም ክፍሎች «ደብተር የሌለው እጁን ያንሣ» ብለው ነበር። አሥራ አራት እጅ ተነሣ። ለአሥራ አራት ልጅ አራት አራት ደብተርና ሁለት ሁለት እርሳስ፣ የቀለም ዱቄት፣ የመኪና ኪራይ፣ በዕደላው ቀን ደግሞ ለአዋጪዎቹ ሻይና ስኳር፣ ዳቦም። ሲደመር አርባ ሰባት ብር ከሰማንያ ሳንቲም። ሃያ ሳንቲም ይተርፋል። የኔአለም ሒሳቡ እንዲህ ሲገጥምላት ደስ ብሏት ነበር።

«የሰው ኃይሉም ተሟልቷል» አለ ሥዩም ለበቅሎዋ ጆሮ እየጨመረላት። «ሁለት ልጅ ሰልፍ ያስይዛል፣ ሦስት ልጅ ሻይ ይቀዳል፣ ጀላሉ ደብተር ያቀብላል፣ አንቺ ትመዘግቢያለሽ። ስም የምጠራው እኔ ነኝ።»

«ማን መረጠህ?»

«ድምፄ። አንዴ ስጠራ ዓይናለም መንደር ድረስ ይሰማል።»

ስም መጥራቱን የፈለጉት የአዋጪዎቹ ሰብሳቢ፣ የሥዩም አባት አቶ ሀብቴ ናቸው። ገንዘቡም በእጃቸው ነው። የተቀባዮቹ ስም ዕቃው በመጣበት እሑድ፣ በዕደላው ቀን፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ሁሉ ፊት እንዲነበብ ዝርዝሩን አስቀድሜ ካላየሁ አንድ ሳንቲም አልሰጥም ብለዋል።

ጀላሉ የአሥመራውን ዋጋ ይዞ ገባ። ዕድሜው አሥራ አምስት ነው፤ አባቱ ጋሽ አብዱሰመድ ከወሎ መጥተው በከተማው ጨው የሚነግዱ ሰው ናቸው። ጀላሉ ሒሳብ በቃሉ በመሥራት የታወቀ ነው። ሌላው ደብተሩን ከመግለጡ በፊት እሱ መልሱን ይናገራል።

«ደብተር ሃምሳ ሳንቲም፣ እርሳስ አሥር» አለ። «ሃምሳ ስድስት ደብተር ሃያ ስምንት ብር።»

«ጻፍልኝ» አለችው የኔአለም።

«ምን ያጽፈኛል? ነገርኩሽ እኮ!»

የኔአለም ራሷ ጻፈችው።

ተማሪው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከመጥረጊያው አንድ የስንደዶ ዘለላ መዘዘችና ሁለቱን ክፍሎች ዞረች። ስንደዶውን እያንዳንዱ ብልቃጥ ውስጥ እያስገባች ቀለሙ እስከ የት እንዳረጠበው አየች። ያለፈው ዓርብ ሁሉም ሞልተው ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበሩት የትምህርት ቀናት የጻፈ ሰው ብልቃጥ መጉደል አለበት። የእሷ ከግማሽ በታች ወርዷል። የሥዩም ደርቆ ታችው ላይ ቅርፊት ብቻ ቀርቷል፤ በቅሎዎቹ ጠጥተውታል።

ሠላሳ አንዱ ግን እስከ አንገታቸው ሙሉ ናቸው።

ቁጥራቸውን ጻፈችና ከስም ዝርዝሩ ጋር አስተያየችው። እጃቸውን ያነሡት አሥራ አራቱ ሁሉ አሉበት። ሌሎቹ አሥራ ሰባት እጃቸውን አላነሡም። አንዱ የአባቱ ስም በከተማው በክብር የሚጠራ ነው። አንዷ በየቀኑ የታጠበ ነጠላ ለብሳ የምትመጣ ልጅ ናት። ሃያ ሦስት ቁጥር የጀላሉ ነው።

የኔአለም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስህተቱ ከድምሩ አልነበረም። «የሌለው እጁን ያንሣ» ሲባል በክፍሉ ሰው ሁሉ ፊት እጁን ማንሣት የቻለው ብቻ ነበር የተቆጠረው።

ረቡዕ ጠዋት፣ ደወል ሳይደወል፣ ጀላሉን ከግቢው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ብቻውን አገኘችው።

«የሒሳብ ደብተርህን አሳየኝ።»

«ለምን?»

«የትናንቱን ልገልብጥ።»

«አንቺ ከኔ ልትገለብጪ? ወላሂ ዛሬ ዝናብ ይዘንባል።»

«ጀላሉ፣ ብልቃጥህ ሙሉ ነው።»

ሳቁ ቀረ። «እና? እኔ በእርሳስ ነው የምጽፈው።»

«እርሳስህን አሳየኝ።»

ዙሪያውን አየ። ከዚያ ከቦርሳው ደብተር አውጥቶ ወረወረላት። አንድ ደብተር ነው። መጀመሪያ በእርሳስ ተጽፎበታል፤ ቀጥሎ በመስመሮቹ መካከል በቀለም፤ ከዚያ ደብተሩን አግድሞ እንደገና በቀለም። ቀለም ያልነካው ቦታ የለም። ወደ ብርሃኑ ስታዘነብለው ሌላ ነገር ታየ። ወረቀቱ ላይ ቀለም የሌላቸው ጭረቶች አሉ። ትናንት መምህሩ የሰጡት ጥያቄ ነው፣ ቃል በቃል። ብዕሩን ቀለም ሳያስነካ ነው የጻፈው።

«ሲያዩኝ የምጽፍ እንዲመስላቸው ነው» አለ ጀላሉ። «ደግሞ እጅ ሲጽፍ ጭንቅላት ይይዛል። አሁን አየሽ፤ መልሺልኝ።»

መለሰችለት። «አባትህ ሃያ አሞሌ ሰጥተዋል። ከማንም ይበልጣል።»

«ገበያ መሐል ስም እየተጠራ ነው የተዋጣው። ሌላው አምስት ሲል፣ ሌላው ሰባት ሲል አባዬ ሃያ አለ። በሱ ቤት ነጋዴ ነው። ጨው የሚጭንባቸው ሦስቱ በቅሎዎች ካለቁ ሰባት ወር ሆነ። አሁን የሰው ጨው ነው እየተከፈለው የሚሸጥልሽ።» ድንጋይ በእግሩ መታ። «ሃያ አሞሌ የሰጠ ሰው ልጅ እሑድ ተጠርቶ ደብተር ሲቀበል ይታይሽ። ያ ሥዩም ደግሞ በዚያ ጉሮሮው!»

«ዝርዝሩ ግን ሠላሳ አንድ ነው።»

«ሠላሳ አድርጊው። እኔን ተይኝ።»

«የሌሎቹንስ?»

«የሌሎቹን አላውቅም! ስሜን ከጻፍሽ ግን እሑድ አልመጣም። ሰኞም አልመጣም። ከአባዬ ጋር ጨው መሸከም ሥራ ነው፤ ደብተር አይጠይቅም።»

ይህን ሲል አልጮኸም። የኔአለም ቢጮኽ ይሻል ነበር ብላ አሰበች።

ቀኑን ሙሉ ትምህርቱን በግማሽ ልብ ሰማች። አሥራ አራት ብላ ብትተወው ማንም አይጠይቃትም፤ ሒሳቡም ገጥሟል። አሥራ ሰባቱ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ በደረቅ ብዕር ይጭራሉ። ሠላሳ አንዱን በስም ብትጽፍ ደብተሩ ይመጣል፤ የሚቀበለው ግን አይመጣም። ስም ከሌለ ደግሞ ገንዘብ የለም።

አባቷ አቶ ታመነ ከሸዋ ተዛውረው የመጡ የቴሌግራፍ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ከሰረ፣ የማን ልጅ ከቤት እንደ ጠፋ ከከተማው ሁሉ ቀድመው ያውቃሉ። እራት ላይ ግን ስለ ሽሮው ነው የሚያወሩት። አንድ ቀን እናቷ ስለ ጎረቤት ስትጠይቃቸው «እኔ ቃላቱን እቆጥራለሁ እንጂ አላነብም» ብለዋል። እንደሚያነቡ ሁሉም ያውቃል።

በዘጠኝ ሰዓት፣ በአዲስ ወረቀት ላይ አዲስ ዕቅድ ጻፈች። ለሠላሳ አንድ ልጅ ሁለት ሁለት ደብተር፣ ሠላሳ አንድ ብር። ሁሉም ከጻፉ ቀለሙ በእጥፍ ይፈጃል፤ ስምንት ብር። ኪራይ ሁለት ብር ከሃምሳ። ስድስት ብር ከሃምሳ ቀራት። ያ ለሻይና ለዳቦው አይበቃም። እርሳስ በአሥር ሳንቲም ነው። ለስንት ልጅ? እርሳሷን ነክሳ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ስልሳ አራት ብላ ጻፈች። ስድስት ብር ከአርባ። የተረፈው አሥር ሳንቲም ነው።

«የሰው ኃይል» ከሚለው ርዕስ ስር የነበሩትን ስሞች ሰረዘች። በሁሉም ፋንታ «አንድ ሰው፣ በግምጃ ቤት፣ ዓርብ» አለች። ከዚያ የሚነበበውን የስም ዝርዝር ጀመረች።

አቶ ሀብቴ በመምህሩ ክፍል ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የገንዘቡ ከረጢት ጭናቸው ላይ ነው። መምህር ወልደአማኑኤል ከጠረጴዛቸው ኋላ ሆነው የኔአለምን በእጃቸው ጠሯት። ጀላሉና ሥዩም በሩ አጠገብ ቆመዋል። ጀላሉ አያያትም።

«አምጪው እስቲ፣ የሸዋ ልጅ» አሉ አቶ ሀብቴ። «አሥራ አራት ነው ብለውኛል።»

«ሠላሳ አንድ ነው፣ አቶ ሀብቴ።»

«በሁለት ሳምንት ወለዱ እንዴ?»

ሥዩም ሳቁን በእጁ አፈነ። የኔአለም ስለ ቀለሙ እሽግ፣ ስለ ስንደዶው፣ ስለ ሙሉዎቹ ብልቃጦች ነገረቻቸው። የማንንም ስም አልጠራችም። መምህሩ አንዴ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። እጅ ያስነሡት እሳቸው ናቸው።

«ጥሩ» አሉ አቶ ሀብቴ። «ሠላሳ አንድም ይሁን። እኔ የምፈልገው ሰው እንዲያይ ነው። አምና ለመንገድ ብለን አዋጣን፤ መንገዱንም አላየን፣ ገንዘቡንም አላየን። አሁን ነጋዴው የሚጠይቀው እኔን ነው። ስሙን አንብቢልኝ።»

የኔአለም ወረቀቱን ከፍ አደረገች።

«አንደኛ፣ የኔአለም ታመነ።»

መምህሩ ቀና አሉ። የቴሌግራፍ ጸሐፊ ልጅ ደብተር እንዳላት ሁሉም ያውቃል።

«ሁለተኛ፣ ሥዩም ሀብቴ።»

«እንዴ!» አለ ሥዩም ከበሩ።

አቶ ሀብቴ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ማን አልሽ?»

«ሥዩም ሀብቴ።»

«የኔ ልጅ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል? እኔ ደብተር መግዛት አቅቶኝ ነው?»

«የሁሉም ስም አለ፣ አቶ ሀብቴ። ስልሳ አራታችንም። ሁሉም አንድ አንድ እርሳስ ይወስዳል፤ ስለዚህ ስሙ ሲነበብ ውሸት አይደለም። ሠላሳ አንዱ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው ስልሳ ሁለት ደብተርም ይጨመርላቸዋል። የትኞቹ እንደ ሆኑ ግን አይነበብም።»

«የሥዩምን አውጪና የቀረውን አንብቢ።»

«ሥዩም ከወጣ ሌላውም አባት የልጄን አውጪ ይለኛል። የሚቀሩት ያው ሠላሳ አንዱ ይሆናሉ።»

«አቦይ» አለ ሥዩም ቀስ ብሎ፣ «እሑድ ስሜን ራሴ ልጠራ ነው?»

አቶ ሀብቴ ወደ ልጃቸው ዞረው ለረጅም ጊዜ አዩት። ጆሮው ቀልቷል። የሥዩም ጆሮ ሲቀላ የኔአለም ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም። አባቱም አይተው የሚያውቁ አይመስልም።



«ሻዩስ?» አሉ አቶ ሀብቴ በመጨረሻ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«አልበቃም።»

«ዳቦውም?»

«ዳቦውም።»

«ስም የለ፣ ሻይ የለ። እንግዲህ ነጋዴውን እሑድ ጠርቼ ምን ላሳየው?» ከረጢቱን ፈተው አዲሶቹን የወረቀት ብሮች ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደሩ። «ንባቡ ይቅር። የዕቃው ደረሰኝ ከአሥመራ ሲመጣ ግን መጀመሪያ እኔ ጋ ይመጣል። ስልሳ ሁለት ደብተር ነው ያልሽው? ስልሳ አንድ ቢሆን መጥቼ የምይዘው አንቺን ነው።»

«ይሁን።»

ሲወጡ ሥዩምን በትከሻው ይዘውት ሄዱ። ሥዩም ከበሩ ላይ ዞሮ «በቅሎ በእርሳስም ይሣላል!» ብሎ ጠፋ። ጀላሉ ትንሽ ቆመ። የሚናገር መስሎ ነበር፤ ግን ብሮቹን ሰብስቦ ቆጠረና «ስልሳ ሁለት ደብተር፣ ስልሳ አራት እርሳስ» ብሎ ለሹፌሩ ሊያደርስ ወጣ። አልጻፈውም።

መምህሩ ከየኔአለም ጋር ቀሩ።

«ጓለይ» አሉ። በትግርኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ ብዙ ጊዜ አይሏትም። «የሠላሳ አንዱ ዝርዝር አንቺ ጋ ነው?»

«አዎ፣ መምህር።»

«እኔ እንኳ ማወቅ አለብኝ። መምህራቸው ነኝ።»

ወረቀቱ በመዝገቡ ውስጥ፣ በክንዷ ስር ነው። መምህሩ እጃቸውን አልዘረጉም፤ ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ጠበቁ። የኔአለም በሕይወቷ ለመምህር እንቢ ብላ አታውቅም። መዝገቡን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ዓርብ ብልቃጦቹን ቢያዩ እርስዎም ይደርሱበታል፣ መምህር» አለች። «ከእኔ ግን አይስሙት።»

 መምህር ወልደአማኑኤል መሳቢያቸውን ስበው የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አወጡና ፊቷ አስቀመጡት።

ዕቃው በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። የኔአለም አባቷ ከሰጧት ያረጁ የቴሌግራፍ ቅጾች ለስልሳ ሁለቱም ደብተሮች ሽፋን አበጀች፤ በክፍሉ ያለው ሁሉ ደብተሩን የሚሸፍነው በአሮጌ ወረቀት ስለሆነ አዲሱ ከነባሩ አይለይም። ዓርብ ተማሪዎቹ ቦርሳቸውንና ብልቃጣቸውን ይዘው ተራ በተራ ወደ ግምጃ ቤቱ ገቡ። ሁሉም እርሳሱን በእጁ ይዞ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሃያ ሦስት ቁጥር ሲመጣ ብልቃጡን ተቀብላ ስንደዶውን አስገባች። ደረቁን ወጣ፤ ቀለሙ ሁሉ አልቋል። ቀና ብላ አላየችውም። ቀለሙን እስከ አንገቱ ሞላችና በመዝገቧ ላይ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቁጥሩን ብቻ ጻፈች።